ለልጅ የማይሸጥ ዕጣ



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው። በስልክና በፕሌይስቴሽን ጨዋታዎች ውስጥ በገንዘብ ስለሚሸጥ፣ ውስጡ ምን እንዳለ ግን ከፍለው እስኪከፍቱት ድረስ ስለማይታወቅ ሣጥን ነው። በውጭው ዓለም ሉት ቦክስ ይባላል። ልጆቻችን እንደየጨዋታው ፓክ፣ ክሬት፣ ስፒን ይሉታል። እኔ የዕድል ሣጥን እለዋለሁ። አቋሜን ከወዲሁ ላስቀምጥ፤ የዕድል ሣጥን ለልጅ በገንዘብ ሲሸጥ ቁማር ነው። ስለዚህ በቤትም በሕግም እንደ ቁማር ሊያዝ ይገባዋል።

ጨዋታን ላወግዝ አልመጣሁም። ልጅ መጫወት አለበት። በስክሪን ላይ የሚደረግ ኳስም ቢሆን ትኩረትን፣ ቅልጥፍናን፣ ተሸንፎ መታገሥን ያስተምራል። አያቶቻችን ገበጣ ሲጫወቱ ጠጠሮቹ በሙሉ በሁለቱም ተጫዋቾች ፊት ተዘርግተው ይታዩ ነበር፤ የሚረታው አስቀድሞ ያሰበ፣ የሚሸነፈውም ያላሰበ ነበር። እንዲህ ያለ ጨዋታ በእንጨት ላይም ሆነ በስልክ ላይ ቢሆን እሰየው ነው። የምቃወመው በጨዋታው መሐል ተሸሽጎ የተቀመጠውን ዕጣ ነው።

በአዲስ አበባ፣ ነፋስ ስልክ ላፍቶ የምንኖር ሰዎች የጌም ቤቶቹን እናውቃቸዋለን። ጀሞ፣ ለቡ፣ ሃና ማርያም፣ ጎፋ፣ መካኒሳ፣ የትኛውም ሰፈር ብትሄዱ ከሕንፃ ሥር ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሁለት ሦስት ቴሌቪዥን፣ አግዳሚ ወንበር፣ በር ላይ የተንጠለጠለ መጋረጃ ታገኛላችሁ። ልጆች በየጨዋታው እየከፈሉ ኳስ ይጫወታሉ፤ ያሸነፈ ይቀጥላል፣ የተሸነፈ ተራውን ይለቃል። እዚህ ድረስ ነውር የለውም። ልጁ ገንዘቡን ይሰጣል፣ የከፈለበትን ጨዋታ ያገኛል።

አሁን ተራውን የሚጠብቀውን ልጅ ተመልከቱት። ስልኩን አውጥቶ የራሱን የኳስ ጨዋታ ከፍቷል። ያለውን ኮይን፣ ማለትም የጨዋታውን ገንዘብ፣ ቆጥሮ አንድ ፓክ ይገዛል። ስክሪኑ ይጨልማል፤ የስታዲየም ጩኸት ይሰማል፤ መብራቱ ይንቦገቦጋል። መጀመሪያ የሚወጣው የአገር ባንዲራ ነው፤ የአርጀንቲና። ልጁ ብድግ ይላል፣ ጓደኞቹ ትከሻው ላይ ይደረባሉ። ሜሲ ይሆን? ቀጥሎ ተጫዋቹ የሚሰለፍበት ቦታ ይመጣል፤ ተከላካይ። ሁሉም ወደየቦታቸው ይመለሳሉ። የተጫዋቹ ፊት ሲወጣ የሚያየው የለም፤ ልጁ የቀረችውን ኮይን እየቆጠረ ነው። ነገሩ ሁሉ ግማሽ ደቂቃ አይሞላም።

ያችን ግማሽ ደቂቃ ቀስ ብለን እንፈትሻት። ልጁ ቁልፉን በነካበት ቅጽበት ማን እንደሚወጣ ኮምፒውተሩ ወስኖ ጨርሷል። ባንዲራው ከስሙ በፊት የሚመጣው፣ መብራቱም የሚንቦገቦገው ተስፋን ጥቂት ጊዜ ለማንጠልጠል ነው። ልጁ «ለጥቂት ሳተኝ» ይላል። የሳተው ነገር የለም፤ ከመጀመሪያውም አልነበረም። ይህቺን «ለጥቂት» በቤቲንግ ቤት የምናውቃት ናት። አሥር ጨዋታ ገምቶ ትኬት የቆረጠ ወጣት ዘጠኙ ገብተውለት አሥረኛው ሲከሽፍ «አንድ ጨዋታ በላኝ» ይላል። አልተሸነፍኩም፣ ቀርቤ ነበር ማለቱ ነው። ነገም ተመልሶ የሚመጣው በዚሁ ስሜት ነው።

ቁማር ሦስት ነገሮች አሉት። መደብ አለ፣ ማለትም አስቀድሞ የሚከፈል ገንዘብ። ዕድል አለ፣ ማለትም ውጤቱን የተጫዋቹ ችሎታ የማይወስነው ነገር። የሚፈለግ ሽልማትም አለ። የዕድል ሣጥኑን በዚህ መስፈርት ስታስቀምጡት ሦስቱንም ያሟላል። ልጁ ይከፍላል፣ ምን እንደሚወጣለት አያውቅም፣ የሚፈልገው ተጫዋች ወይም ጌጠኛ መሣሪያ ሊወጣም ላይወጣም ይችላል። ድሩሞንድና ሳወር የተባሉ በኒውዚላንድና በአውስትራሊያ የሚያስተምሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት የዕድል ሣጥን ያለባቸውን 22 ጨዋታዎች በአምስት የቁማር ሥነ ልቦና መለኪያዎች መዘኗቸው። ግማሽ ሊሞሉ ጥቂት የቀራቸው፣ 10 ያህሉ፣ አምስቱንም አሟልተው ተገኙ።

ይህ ሥልት ለምን እንዲህ ይይዛል? አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ቢ. ኤፍ. ስኪነር በርግቦችና በአይጦች ላይ ባደረጋቸው ሙከራዎች ያሳየው ነገር አለ። ርግቧ መጫኛውን በነካች ቁጥር እህል የሚወርድላት ከሆነ ሲርባት ትነካለች፣ ስትጠግብ ትተወዋለች። እህሉ መቼ እንደሚወርድ የማይታወቅ ከሆነ ግን፣ አንዴ በሦስተኛው፣ አንዴ በሃያኛው ከሆነ፣ ያለ ዕረፍት ትነካለች፤ እህሉ ከተቋረጠ በኋላም ለረጅም ጊዜ አታቆምም። የቁማር ማሽኖች የሚሠሩት በዚሁ ሕግ ነው። የዕድል ሣጥኑም እንዲሁ። ልዩነቱ ማሽኑ አዋቂዎች በሚገቡበት ቤት መቆሙ፣ ሣጥኑ ደግሞ በልጅ ኪስ ውስጥ መሆኑ ነው።

ወደ ሒሳቡ እንምጣ፤ መምህራን ይህን ክፍል ውስጥ ብትሠሩት ደስ ይለኛል። አንድ የሚፈለግ ተጫዋች የመውጣት ዕድሉ 1 በመቶ ነው እንበል። ልጁ ይህን ሲያነብ «መቶ ፓክ ብከፍት አንዱ ውስጥ ይገኛል» ብሎ ያስባል። እንዲህ አይደለም። እያንዳንዱ ፓክ የፊተኛውን አያስታውስም። መቶ ልጆች እያንዳንዳቸው መቶ መቶ ፓክ ቢከፍቱ 37 ያህሉ ተጫዋቹን ሳያዩ ይጨርሳሉ። ከመቶው ልጆች ዘጠናው እንዲያገኙት እያንዳንዳቸው 230 ያህል ፓክ መክፈት አለባቸው። አንዱ ፓክ 20 ብር ቢሆን 4,600 ብር ማለት ነው። ያን ሁሉ ካወጡ በኋላም አሥሩ ልጆች የሚፈልጉትን ተጫዋች ሳያገኙ ይቀራሉ። «ያስበላሁትን ላስመልስ» የሚለው የቁማርተኛ አባባል ቁማርተኛውን የሚጥለው ለዚህ ነው። የተበላው ገንዘብ የሚቀጥለውን ዕጣ አንዳች አያቀርበውም።

«እኛ አገር ልጆች የውጭ ካርድ የላቸውም፣ በምን ይከፍላሉ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። መንገዱ ከተጠረገ ቆይቷል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብ ከስልክ ወደ ስልክ ማስተላለፍ ቀሏል። ፐብጂ ለተባለው ጨዋታ ዩሲ፣ ፍሪ ፋየር ለተባለው ዳይመንድ፣ ለኳስ ጨዋታ ኮይን የሚባሉትን የጨዋታ ገንዘቦች እየሞሉ የሚሸጡ ሰዎች በቴሌግራም አሉ። ልጁ ብሩን ይልካል፣ የጨዋታ መለያ ቁጥሩን ይሰጣል፣ ወዲያው ይሞላለታል። ደረሰኝ የለም፣ ዕድሜ የሚጠይቅ የለም። ብሩ አንዴ ኮይን ከሆነ በኋላ ደግሞ ዋጋው ከዓይን ይሰወራል። ልጁ 20 ብር አወጣሁ አይልም፤ መቶ ኮይን አወጣሁ ይላል። የኮይን ጥቅሉና የፓኩ ዋጋ ብዙ ጊዜ ልክ ለልክ ስለማይገጥሙ ሁልጊዜ ጥቂት ትተርፋለች። ያቺ ትርፍ የሚቀጥለው ግዢ መጥሪያ ናት።

ሌሎች አገሮች ምን አደረጉ? ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2012 የዕድል ሣጥንን አንድ ክፉ ዓይነት ከለከለች፤ በዕጣ የሚወጡ ቁርጥራጮችን ሁሉ አሟልቶ ለሰበሰበ ታላቁን ሽልማት የሚሰጠውን። ቻይና እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ኩባንያዎች የየሽልማቱን የመውጣት ዕድል በቁጥር እንዲያሳውቁ አስገደደች። የቤልጂየም የቁማር ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2018 ፊፋ 18 የተባለውን የኳስ ጨዋታ ጨምሮ በሦስት ታዋቂ ጨዋታዎች ውስጥ ያሉት ሣጥኖች የቁማር ሕጉን ይጥሳሉ ሲል ወሰነ፤ የፊፋ 18 አሳታሚ የሆነው ኢኤ የተባለው ኩባንያ በተከታዩ ጥር ለፓክ መግዣ የሚውለውን ነጥብ በዚያ አገር መሸጥ አቆመ። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2024 ወዲህ በገንዘብ የሚገዛ የዕድል ሣጥን ያለበት አዲስ ጨዋታ ዝቅተኛ የዕድሜ ደረጃው ከፍ እንዲል አድርጋለች። በአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ጌንሺን ኢምፓክት የተባለውን ጨዋታ የሚያቀርበውን ኩባንያ 20 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍልና ዕድሜያቸው ከ16 በታች ለሆኑ ያለ ወላጅ ፈቃድ ሣጥን እንዳይሸጥ የሚያስገድድ ስምምነት ላይ ደረሰ። ብራዚል ደግሞ በዚያው ዓመት ባወጣችው ሕግ ለልጆች በሚቀርቡ ጨዋታዎች ውስጥ ሣጥኑን ከለከለች።

የደቡብ ኮሪያው ታሪክ ጠበቅ ብሎ ሊነገር ይገባዋል። ኔክሰን የተባለው ትልቅ የጨዋታ ኩባንያ ሜፕልስቶሪ በተባለው ጨዋታው ውስጥ በዕድል የሚገኙ ኃይሎችን ይሸጥ ነበር። የአገሪቱ የፍትሐዊ ንግድ ኮሚሽን ሲመረምር ኩባንያው የመውጣት ዕድላቸውን ለተጫዋቾች ሳይናገር ዝቅ እንዳደረገ፣ አንዳንድ ተፈላጊ ጥምረቶችንም ከነጭራሹ የመውጣት ዕድላቸውን ዜሮ እንዳደረገ ደረሰበት። ሰዎች ለዓመታት ሊወጣ ለማይችል ዕጣ ገንዘብ ሲከፍሉ ነበር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ከ11 ቢሊዮን ዎን በላይ ቅጣት ተጣለበት፤ በዚያው ዓመት መጋቢት የመውጣት ዕድልን ማሳወቅ በሕግ ግዴታ ሆነ።

ከዚህ ጋር የኛን ሎተሪ አስተያዩት። ብሔራዊ ሎተሪ በ1954 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ሎተሪ አገልግሎት በሚል ስም ይሠራል። የእንቁጣጣሽን ወይም የገናን ትኬት ስትገዙ ዋጋው በብር ተጽፏል፤ ዕጣዎቹ ስንት እንደሆኑ፣ ዕጣው መቼ እንደሚወጣ ይታወቃል፤ ዕጣውም በአደባባይ፣ ሰው እያየ ይወጣል። ሎተሪ ሁሉ ጥሩ ነው ማለቴ አይደለም። ነገር ግን በአዋቂ ሰው የሚገዛ፣ በመንግሥት ፈቃድ የሚሠራ፣ በአደባባይ የሚወጣ ዕጣ ይህን ሁሉ ጥንቃቄ ከጠየቀ፣ በ11 ዓመት ልጅ ስልክ ውስጥ ለብቻው የሚወጣው፣ ምስክር የሌለው ዕጣ ምንም አይጠየቅ?

የኩባንያዎቹን ክርክርም በቅንነት ላቅርበው። አንደኛው «ልጁ ባዶ እጁን አይቀርም፣ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይወጣለታል» የሚል ነው። እውነት ነው፣ ይወጣለታል። ነገር ግን ልጁ ገንዘቡን ያወጣው ለዚያ ለማይታወቅ ተከላካይ አልነበረም። ሁለተኛው «የሚወጣው ነገር ገንዘብ አይሆንም» የሚል ነው። የእንግሊዝ መንግሥት እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2022 የቁማር ሕጉን ላለማሻሻል ሲወስን ከጠቀሳቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነበር። ነገር ግን ብርቅ ተጫዋች የወጣለት አካውንት፣ ስኪን የሚባል ብርቅ ጌጥ ያለበት አካውንት ይሸጣል፤ ወጣቶቹ ገበያውን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ሦስተኛው «ሣጥኑ የትልቁ የችሎታ ጨዋታ አንድ ክፍል እንጂ ራሱን የቻለ ቁማር አይደለም» የሚል ነው። የኔዘርላንድ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2022 በኢኤ ላይ ተጥሎ የነበረውን የ10 ሚሊዮን ዩሮ ቅጣት የሻረው በዚህ ምክንያት ነው። ፍርዱን አከብራለሁ፤ የሕጉን ቃል ተከትሎ የተሰጠ ነው። ልጁ ፓኩን ሲከፍት ግን እግሩም፣ ጣቱም፣ ብልሃቱም ሥራ የለውም። በዚያች ቅጽበት ያለው ዕጣ ብቻ ነው።

አራተኛው ክርክር ከተመራማሪዎች የመጣ ስለሆነ በጥሞና ልንሰማው ይገባል። ዜንድልና ኬርንስ የተባሉ እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ከ7,000 በላይ ተጫዋቾችን ጠይቀው አንድ ነገር አገኙ፤ ለዕድል ሣጥን ብዙ የሚያወጡ ሰዎች የከፋ የቁማር ችግር ያለባቸው ናቸው። ሣጥኑ ቁማርተኛ ያደርጋል ወይስ ቁማርተኛ የሆነ ሰው ወደ ሣጥኑ ይሳባል? ጥናቱ ይህን አልለየም፤ ተመራማሪዎቹም ይህንኑ በግልጽ ጽፈዋል። ለኛ ለወላጆች ግን የሁለቱም መደምደሚያ አንድ ነው። የመጀመሪያው እውነት ከሆነ ሣጥኑ ልጆቻችንን ለቁማር ያለማምዳል። ሁለተኛው እውነት ከሆነ ሣጥኑ በቁማር የተጠቁትን ሰዎች ደካማ ጎን እየፈለገ ይመዘብራል። በየትኛውም ቢሆን ለልጅ የሚሸጥ ነገር አይደለም።

አገራችን በዚህ ረገድ ባዶ እጇን አይደለችም። በስፖርት ውርርድ ለመሳተፍ 21 ዓመት መሙላት ግዴታ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮልና ሲጋራ እንዳይሸጥ ከልክሏል፤ የአልኮል ማስታወቂያንም ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ አውጥቷል። በየምሽቱ ስናየው የነበረው የቢራ ማስታወቂያ በአንድ አዋጅ ሲቀር አይተናል፤ ስለዚህ የማይቻል ነገር አልጠይቅም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36 ልጆችን በሚመለከት ጉዳይ ሁሉ ደኅንነታቸው በቀዳሚነት ሊታሰብ እንደሚገባ ደንግጓል። የከተማችን አስተዳደርም ቤቲንግ ቤቶችን ያሸገበት ጊዜ እንደነበረ ታስታውሳላችሁ። ነገር ግን መንገድ ዳር ያለ ቤት ይታሸጋል፤ በመኝታ ቤት ውስጥ ያለ ስልክ አይታሸግም። ልጅ በ12 ዓመቱ ፓክ መክፈት ከለመደ፣ 21 ዓመት ሲሞላው ቤቲንግ ቤት የሚያስተምረው አዲስ ነገር የለም። ጥበቃው ሕግ ከሚፈቅደው ዕድሜ በፊት መጀመር አለበት የምለው ለዚህ ነው።

ሕግ ብቻውን እንደማይበቃም አውቃለሁ። ቤልጂየም ሣጥኑን ከከለከለች ከአራት ዓመት በኋላ አንድ ተመራማሪ በዚያች አገር ብዙ ገቢ የሚያስገቡ 100 የአይፎን ጨዋታዎችን ሲፈትሽ 82ቱ ውስጥ የዕድል ሣጥን አግኝቷል። ክልከላው ወረቀት ላይ ነበር፤ የሚከታተል ግን አልነበረም። ስለዚህ የምጠይቀው ከመንግሥትም፣ ከነጋዴም፣ ከቤትም ነው።

ከመንግሥት የምጠይቀው፣ ውርርድን የሚቆጣጠረው አካል በዕድል ሣጥን ላይ ግልጽ አቋም እንዲይዝ ነው። ቢያንስ በቴሌብርና በሌሎች የአገር ውስጥ መንገዶች ኮይን እየሞሉ የሚሸጡ ሰዎች ተመዝግበው እንዲሠሩ፣ ለልጅም እንዳይሸጡ መደንገግ ይቻላል። ገንዘቡ በአገር ውስጥ መንገድ የሚያልፍ በመሆኑ መቆጣጠሪያው በእጃችን ነው።

ከጌም ቤት ባለቤቶች የምጠይቀው ቀላል ነው። በቤታችሁ ለልጅ ኮይን አትሙሉ፣ ፓክ አታስከፍቱ። የጨዋታውን ሰዓት ሽጡ፤ እሱ ሐቀኛ ንግድ ነው። የጌም ቤት ስም በሰፈር የሚጠፋው ወላጅ ልጁን ሲፈልግ ከቁማር መካከል ሲያገኘው ነው፤ ያን ስም ከመጥፋት አድኑት።

እዚህ አገር ጨዋታ ለምትሠሩ ወጣት ፕሮግራመሮችም አደራ አለኝ። ቅኔ ጌምስ የተባለው የአዲስ አበባ ኩባንያ «ኩኩሉ»ንና «ገበጣ»ን ለስልክ በመሥራት የራሳችንን ጨዋታ ወደ ዓለም ማውጣት እንደሚቻል አሳይቷል። ከናንተም ብዙ እንጠብቃለን። ገቢ ያስፈልጋችኋል፣ አይካድም። ዋጋውንና ዕቃውን አሳይታችሁ ሽጡ፤ ልጅ የሚገዛውን አይቶ ይግዛ። ዕጣ ግን አትሽጡለት።

ወላጆች፤ ልጃችሁን በዱላ ወይም በቁጣ አትቅረቡት። አብራችሁት ተቀመጡና «ይህ ፓክ ምንድን ነው? ስንት ብር ነው? የምትፈልገው የመውጣት ዕድሉ ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። አፕልና ጉግል የመውጣት ዕድሉ በጨዋታው ውስጥ እንዲገለጽ ስለሚያስገድዱ፣ ብዙ ጊዜ በጥቃቅን ፊደል የተጻፈ ቁጥር ታገኛላችሁ፤ ልጁ ራሱ ያንብብላችሁ። ከዚያ የስልኩን የግዢ ማጽደቂያ በይለፍ ቃል ዝጉ። የቴሌብር የምስጢር ቁጥራችሁን ልጅ እንዲያውቀው አታድርጉ። በቤት ውስጥ የምታወጡት ሕግ አንድ ይሁን፤ ምን እንደሚወጣ አስቀድሞ የማይታይ ነገር በገንዘብ አይገዛም።

ወጣቶች፤ የመጨረሻው ቃሌ ለእናንተ ነው። እንደ ሰነፍ ወይም እንደ ሌባ አላያችሁም። እናንተን ለመያዝ ከልጅ አእምሮ በላይ የሚያውቁ ባለሙያዎች የሠሩት ሥርዓት ውስጥ ነው የገባችሁት። በገንዘባችሁ የምትገዙትን ነገር ዋጋውን በብር ቁጠሩ፣ የመውጣት ዕድሉን አስሉ፣ ካልታያችሁም አትግዙ። የተበላችሁትን ለማስመለስ ዳግመኛ አትክፈሉ። ከታናናሽ ወንድሞቻችሁና እኅቶቻችሁ አንዱ ፓክ ሊከፍት ሲል ብታዩት ሒሳቡን አሳዩትና አስቁሙት። እናንተ ከነገራችሁት ከእኛ ይልቅ ይሰማችኋል።